የጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ "አክሽን"፦ ይመቻል፣ ግን በዓይነ ቁራኛ ጠብቁት

ቀድሜ ልናገርና ልገላገል፦ ተጨማሪ ዩአርኤል ለመጨመር እስካሁን ከሞከርኳቸው ፍሬምወርኮች የተመቸኝ ይሄኛው፣ ማለትም በፓይተን ኤፒአይ (ፕሮግራሞች ዳታ የሚለዋወጡበት በር) የሚሠራበት ጃንጎ ሬስት ፍሬምወርክ ነው። የማማርረው ስለምወደው ነው።

ቪውሴት (የአንድ ዓይነት ዳታ ሥራዎችን የሚይዝ ክላስ) ጽፋችሁ ራውተር (ዩአርኤሎቹን የሚያዘጋጀው ክፍል) ላይ ካስመዘገባችሁ የተለመዱት ሥራዎች፣ መዘርዘሩም መፍጠሩም ማስተካከሉም ማጥፋቱም፣ ዩአርኤላቸው በራሱ ይመጣል። አሪፍ ነው። ግን የትኛውም ሲስተም እዚያ ላይ አይቆምም። የመሥሪያ ቤት የዓመት እረፍት መጠየቂያ እንሠራለን እንበል። ሠራተኛው ጥያቄ ይፈጥራል፣ እሺ። አለቃው ሲያጸድቅስ? በፓች (ያለን ዳታ በከፊል በሚቀይር የኤችቲቲፒ ትዕዛዝ) ስታተሱን ብቻ መቀየር ይቻላል፣ ግን ማጽደቅ ራሱን የቻለ ሥራ ነው፤ ከቀሪው ቀን ይቀንሳል፣ ኢሜይል ይልካል፣ ማን እንዳጸደቀ ይመዘግባል። የአክሽን ዲኮሬተር (ከሜተድ በላይ የሚጻፍ ምልክት) የተሠራው ለዚህ ነው። ቪውሴቱ ውስጥ "አፕሩቭ" የሚል ሜተድ ጽፋችሁ ከላዩ ዲኮሬተሩን ታስቀምጣላችሁ። አለቀ። የዩአርኤል ፋይሉን መንካት የለም።

"ዲቴይል" የሚለውን የግድ መሙላት አለባችሁ። ትሩ ካላችሁ ለአንድ ጥያቄ ነው፣ መለያ ቁጥሩ ዩአርኤሉ ውስጥ ይገባል፤ ፎልስ ካላችሁ ለጠቅላላው ዝርዝር። ድሮ ለሁለቱ ለየብቻ ዲኮሬተር ነበራቸው፣ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ስሪት 3.8 ነው አንድ ላይ ያመጣቸው፣ 3.10 ላይ አሮጌዎቹ ጭራሽ ተወገዱ። ስለዚህ "ዲቴይል ራውት" የሚል ኮድ ካጋጠማችሁ ጊዜው አልፎበታል።

ሌላው የወደድኩት ቅደም ተከተሉን ራሱ መጠበቁ ነው። ላራቬል (የፒኤችፒ ፍሬምወርክ) ላይ ተጨማሪውን ራውት (የዩአርኤል መስመር) ከሪሶርሱ (ከተለመዱት ራውቶች ስብስብ) በፊት ካልጻፋችሁት "የዛሬ" ብላችሁ የጠራችሁትን ገጽ እንደ መለያ ቁጥር ቆጥሮ ሊፈልግላችሁ ይችላል። እዚህ ራውተሩ የዝርዝሩን አክሽኖች ከነጠላው ያስቀድማቸዋል።

አሁን ወደ ማማረሩ። የትኛውን የኤችቲቲፒ ሜተድ እንደሚቀበል ካልነገራችሁት ጌት (ዳታ ማንበቢያውን) ብቻ ነው የሚቀበለው። ፖስት (ዳታ መላኪያውን) ስትልኩ 405 ("ይህ ሜተድ አይፈቀድም") ይመልስላችኋል፣ እሱ እንኳን ደግ ነው። መጥፎው 405ን አይቶ ፍሮንትኤንዱን ወደ ጌት የሚቀይር ሰው ነው። ጌት ዳታ መቀየር የለበትም፤ ብራውዘር ሊንኩን አስቀድሞ ቢጭነው የማንም እጅ ሳይነካ እረፍት ጸደቀ ማለት ነው።

ከሁሉም የሚያስፈራኝ ግን ፐርሚሽኑ ነው። አለቃ የራሱን ክፍል ሠራተኛ ብቻ ያጽድቅ ብላችሁ በኦብጀክት ደረጃ (ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻ የሚፈተሽ) ፐርሚሽን ጻፋችሁ እንበል። አክሽኑ ውስጥ ጥያቄውን በቪውሴቱ "ጌት ኦብጀክት" ሜተድ ካወጣችሁት ይፈተሻል። በቀጥታ ከሞዴሉ በመለያ ቁጥር ከጎተታችሁት ግን ያ ፍተሻ አይጠራም፣ ኤረርም የለም፣ ሁሉም ነገር የሚሠራ ይመስላል፣ የፋይናንሱ ኃላፊ የመጋዘኑን ሠራተኛ ወደ እረፍት ይልከዋል። ኮድ ሪቪው ስሠራ መጀመሪያ የማየው ይሄንን ነው። ጥሩነቱ ለአንድ አክሽን ብቻ የተለየ ፐርሚሽን እዚያው ዲኮሬተሩ ላይ መስጠት መቻሉ ነው፣ እሱን ተጠቀሙበት።

ትናንሽ የሚያናድዱም አሉ። የሜተዱ ስም አንደርስኮር ካለው ዩአርኤሉ ላይ እንዳለ ይቆያል፣ ሪቨርስ የምታደርጉበት (ዩአርኤሉን የምታገኙበት) ስም ላይ ግን ሰረዝ ይሆናል። ለምን? እኔ እንጃ። መጨረሻ ላይ ያለችውን እዝባር ረስታችሁ ፖስት ከላካችሁ ደግሞ በዲበግ (በሙከራ ሁነታ) ጊዜ ጃንጎ ይጮህላችኋል፣ ፕሮዳክሽን ላይ ግን ዝም ብሎ ሪዳይሬክት ያደርግና የላካችሁት ዳታ መንገድ ላይ ይቀራል።

ቅለቱም ራሱ ፈተና ነው። ዛሬ ማጽደቅ፣ ነገ ውድቅ ማድረግ፣ ከዚያ መመለስ፣ አስተያየት፣ አባሪ... ቪውሴቱ አብጦ አብጦ ማንም ሊነካው የማይፈልገው ፋይል ይሆናል። የሬይልስ (የሩቢ ፍሬምወርክ) መመሪያ እዚህ ላይ ጥሩ ምክር አለው፦ አክሽን ከበዛ የተደበቀ ሌላ ሪሶርስ ይኖራል ይላል። አስተያየትና አባሪ የራሳቸው ቪውሴት ይገባቸዋል። ማጽደቅና ውድቅ ማድረግ እዚያው ይቆዩ።

ከአምስት ኮከብ አራት ሰጥቻለሁ። አንዷ የቀረችው በጃንጎ በራሱ ምክንያት ነው፤ ሬይልስም ላራቬልም ያሉትን ራውቶች በአንድ ትዕዛዝ ሲዘረዝሩ እኛ እስካሁን ለዚህች ነገር "ጃንጎ ኤክስቴንሽንስ" የሚባል ተጨማሪ ፓኬጅ እንጭናለን።