የአሜሪካው፣ የቻይናው፣ ባለ 32 አምፔሩ፦ ለአዲስ አበባ ሶኬት የትኛው ተንቀሳቃሽ የኤሌክትሪክ መኪና ቻርጀር?

አራት ኪሎ የሚኖር ጓደኛዬ ደወለና «ወንድሜ ለኤሌክትሪክ መኪናዬ ለኒሳን ሊፏ ከዋሽንግተን ቻርጀር ልኮልኛል፤ ልሰካው?» አለኝ። «እንዳትነካው! ገልብጠህ ጀርባው ላይ ያለውን አንብብልኝ» አልኩት። 120 ቮልት፣ 12 አምፔር ይላል። የእኛ ግድግዳ የሚሰጠው 220 ነው።

በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠራ የቤት መኪና እንዳይገባ ከተከለከለ ወዲህ እንዲህ ያለ ጥያቄ በዝቶብኛል። ሰው ስለ መኪናው ወር ሙሉ ያጠናና ቻርጀሩን በአምስት ደቂቃ ይገዛል።

ቻርጀር የምንለው ሳጥን በእውነቱ ባትሪውን የሚሞላው አይደለም። ከግድግዳ የሚመጣውን ኤሲ ባትሪው ወደሚቀበለው ዲሲ የሚቀይረው ዕቃ መኪናው ውስጥ ነው። ሳጥኑ በረኛ ነው፦ ከመኪናው ጋር ይነጋገራል፣ ኧርዝ (ወደ መሬት የሚወርደው የአደጋ መከላከያ ሽቦ) መኖሩን ያያል፣ መስመሩን ይከፍታል፣ ይዘጋል። መኪናው አብዛኛውን ጊዜ 120ም 220ም ይቀበላል፤ የሚቃጠለው በረኛው ነው። መለያው ላይ «100–240 ቮልት፣ 50/60 ሄርዝ» ካለ የአሜሪካው ቻርጀር እዚህም ይሠራል፤ እንዲያውም 12 አምፔር እዚያ 1.4 ኪሎዋት ሲሰጥ እዚህ 2.6 ይሰጣል። 120 ብቻ ካለ ግን ይተዉት። ቮልቴጅ የሚያወርድ ትራንስፎርመር ልግዛለት የሚልም አለ፤ ሌሊቱን ሙሉ የሚችለው ትራንስፎርመር ከባድና ውድ ነው፣ የሚሞላው ደግሞ በዚያው በኤሊ ፍጥነት።

የአሜሪካው ባለ 240ስ? እዚህ ላይ ቆም እንበል። እዚያ 240 የሚገኘው ከሁለት ፌዝ (ኤሌክትሪክ ይዞ ከሚመጣው ሽቦ) ነው፣ እያንዳንዱ 120። እኛ ዘንድ 220 የሚመጣው ከአንድ ፌዝና ከኒውትራል (ከመመለሻው ሽቦ) ነው። የአሜሪካውን የሽቦ አገጣጠም ሥዕል አይቶ ሁለት ፌዝ የሚያስገባ ኤሌክትሪሺያን ባለ ሦስት ፌዝ ቆጣሪ ባለበት ግቢ 380 ቮልት ይለቅበታል። ቻርጀሩም፣ ምናልባትም መኪናው፣ አበቃላቸው። ለባለሙያው «አንድ ፌዝ፣ ኒውትራል፣ ኧርዝ» ብለው ይንገሩት፤ መኪናው ከመሰካቱ በፊት በቴስተር ሲለካም አጠገቡ ይቁሙ።

ከቻይና የሚመጣው በዚህ በኩል ሰላም ነው፤ እነሱም 220 ቮልት፣ 50 ሄርዝ ናቸው። ጣጣው ያለው በፕላጉ ነው። የቻይናው ፕላግ ሦስት ጠፍጣፋ እግር አለው፣ የእኛ ሶኬት ክብ ቀዳዳ። በመሀል የሚገባው ርካሽ መቀየሪያ ለስልክ እንጂ ለሌሊት ሙሉ 16 አምፔር አልተሠራም። ልደታ ኮንዶሚኒየም ስኖር የእኔው ቀልጦ በሽታው ነው የነቃሁት። ፕላጉን በባለሙያ ማስቀየር ወይም የሚገጥመውን ሶኬት ማስገባት ይሻላል። በመኪናው በኩል ያለውን አፍም ይዩ፦ የቻይና ገበያ መኪና ጂቢቲ፣ የአውሮፓው ታይፕ ቱ፣ የአሜሪካዋ ሊፍ ታይፕ ዋን ይፈልጋሉ።

አሁን ወደ አምፔሩ። ባለ 10 አምፔር 2.2 ኪሎዋት፣ ባለ 16ቱ 3.5፣ ባለ 32ቱ 7 ይስባል። ባለ 60 ኪሎዋት ሰዓት ባትሪ ከባዶ ለመሙላት እንደ ቅደም ተከተላቸው ወደ 30፣ ወደ 19 እና ወደ 10 ሰዓት ይፈጃል። ባለ 16ቱ አንድ የእንጀራ ምጣድ ነው ብለው ያስቡ፤ ባለ 32ቱ ጎን ለጎን የተጣዱ ሁለት ምጣዶች፣ ያውም እስኪነጋ። ለ16ቱ ከብሬከር በቀጥታ የመጣ ባለ 2.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ሽቦ ይበቃዋል። 32ቱ ግን ቢያንስ ባለ 6 ሽቦ፣ የራሱ ብሬከርና ሰማያዊው የኢንዱስትሪ ሶኬት ያስፈልገዋል። መኪናዎ ውስጥ ያለው መቀየሪያ እንደ ቀደምቶቹ ሊፎች 3.3 ኪሎዋት ከሆነ ደግሞ በ32ቱ የሚያተርፉት ደቂቃ የለም።

ቀዩ ባለ አምስት እግር የ380 ሶኬትስ? ሦስት ፌዝ የሚቀበል የአውሮፓ መኪና ላለው 11 ኪሎዋት ይሰጣል። ለቻይና ገበያ የተሠሩት በአብዛኛው አንድ ፌዝ ብቻ ስለሚወስዱ ለእነሱ ትርፉ ወጪ ነው።

የእኔ ምርጫ ከ8 እስከ 16 አምፔር የሚስተካከለው ነው። ከፒያሳ ቦሌ የሚመላለስ ሰው፣ ጉዳዩን ሁሉ ጨምሮ በቀን 40 ኪሎ ሜትር ቢነዳ፣ 7 ኪሎዋት ሰዓት ግድም ነው የሚያወጣው፤ ይህን 10 አምፔር በአራት ሰዓት ይመልሰዋል። 32ቱን የራሱ ግቢና አዲስ መስመር ላለው፣ በየሳምንቱ ሀዋሳ ለሚወርድ እተዋለሁ።

ኧርዝ የሌለው አሮጌ ቤት ውስጥ ቻርጀሩ ቀይ መብራት አብርቶ እምቢ ካለ ትክክል ነው ያለው። «እናታልለዋለን» የሚል ቢመጣ አመስግነው ይሸኙት፤ ኧርዝ ያስቀብሩ። ሌላም ነገር አለ፦ ብዙ የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚሠራው እስከ 2000 ሜትር ከፍታ ታስቦ ነው፣ አዲስ አበባ ከ2300 በላይ ናት። አየሩ ስስ ሲሆን ዕቃው ቶሎ አይቀዘቅዝም። ስለዚህ ባለ 16ቱን በ13 ወይም በ10 ያስኪዱት፤ በመጀመሪያው ሌሊት ከግማሽ ሰዓት በኋላ ወርደው ፕላጉን በእጅዎ ይዳስሱ። ለብ ቢል ምንም አይደለም። ካቃጠለዎት ብሬከሩን አጥፍተው ይንቀሉትና ሶኬቱን ያስቀይሩ።