«ብላይዝ ስፒሪት»ን በቤት ለማየት የትኛውን ቅጂ ልግዛ? ብሉሬይ፣ ዲቪዲ ወይስ ኪራይ

እናቴ ባለፈው ዓመት እኔ ዘንድ ጀርመን መጥታ በነበረበት ጊዜ «ብላይዝ ስፒሪት» የተባለውን የድሮ ፊልም ሁለት ጊዜ አሳየኋት። መጀመሪያ ያየነው ከቪዲዮ ካሴት የተገለበጠ፣ ቀለሙ የነጣ ቅጂ ነበር። እንግሊዝኛ ስለማትችል አጠገቧ ተቀምጬ እተረጉምላታለሁ። ሟቿ ሚስት ሳሎኑ ውስጥ ብቅ ስትል እናቴ ወደ እኔ ዞራ «ይህቺ ደግሞ ማን ናት? እንግዳ ናት ወይስ ዘመድ?» አለችኝ። ሞታ የተመለሰች መሆኗን ነገርኳት፤ ያም ሆኖ ሰውየው ከየትኛዋ ሚስቱ ጋር እንደሚነጋገር እስከ መጨረሻው እየተምታታባት ጨረሰችው። ከሁለት ሳምንት በኋላ የታደሰውን ቅጂ አገኘሁና ደግመን አየነው። ያቺው ሴት ያንኑ ሳሎን አቋርጣ ስትገባ እናቴ ምንም ሳልነግራት «በስመ አብ! ይህቺማ ከመቃብር የመጣች ናት» ብላ አማተበች።

በሁለቱ መካከል የነበረው ልዩነት አረንጓዴው ቀለም ብቻ ነው። ይህን ፊልም ለመግዛት የሚያስብ ሰው ከዋጋው በፊት ቀለሙን ይጠይቅ የምለውም ከዚያ ምሽት ወዲህ ነው።

ፊልሙን ለማያውቁት ጥቂት ልበል። «ብላይዝ ስፒሪት» እ.ኤ.አ. በ1945 በብሪታንያ የተሠራ ኮሜዲ ነው (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። ርእሱ ገጣሚው ሼሊ ለአንዲት ወፍ ከጻፈው ግጥም የተወሰደ ሲሆን፣ «ፍልቅልቋ መንፈስ» ብንለው ከትርጉሙ አንርቅም። ዳይሬክተሩ ዴቪድ ሊን ነው። ታሪኩ የተወሰደው ኖኤል ካዋርድ በ1941 በሁለተኛው የዓለም ጦርነት መካከል፣ ዌልስ ውስጥ ፖርትሜሪየን በሚባል ስፍራ ተቀምጦ በአንድ ሳምንት ገደማ ከጻፈው ቴአትር ነው። ቴአትሩ ለንደን ሲከፈት ተመልካቹ በቦምብ የፈረሰ ፍርስራሽ ላይ በተዘረጋ ሳንቃ እየተሻገረ ይገባ እንደነበር ካዋርድ ራሱ ጽፏል። ሞት በየጎዳናው በነበረበት ሰዓት ሰው በሞት ላይ ለመሳቅ ያን ሳንቃ ተሻገረ፤ ቴአትሩም በለንደን 1,997 ጊዜ ታየ። ይህን ሳስብ ለሥራው ያለኝ አክብሮት ይጨምራል።

ታሪኩ እንዲህ ነው። ቻርልስ የሚባል ደራሲ ለሚጽፈው ልቦለድ መረጃ ለመሰብሰብ ሲል ማዳም አርካቲ የተባለችን መናፍስት ጠሪ ቤቱ ይጋብዛል። የሞተችው የመጀመሪያ ሚስቱ ኤልቪራ በዚያች ሌሊት ትመጣና አልሄድም ትላለች። ኤልቪራን የሚያያትም የሚሰማትም እሱ ብቻ ነው። ሁለተኛዋ ሚስቱ ሩት አታያትም። ቻርልስ ኤልቪራን «ዝም በይ» ሲላት ሩት እሷን የተናገራት ይመስላታል፤ ሳቁ የሚፈልቀው ከዚህ ነው። ቻርልስን ሬክስ ሃሪሰን፣ ሩትን ኮንስታንስ ከሚንግስ፣ ኤልቪራን ኬይ ሃመንድ፣ አርካቲን ማርጋሬት ረዘርፎርድ ይጫወታሉ። ሃመንድና ረዘርፎርድ ለንደን መድረክ ላይም እነዚህኑ ገጸ ባሕርያት ተጫውተዋል።

እንግዲህ ተመልካቹ ሟቿን ከሕያዋኑ የሚለየው በምንድን ነው? በቀለም ነው። ኬይ ሃመንድ ፊቷም ልብሷም አረንጓዴ ሆኖ፣ ከንፈሯና ጥፍሯ ግን ደማቅ ቀይ ተቀብተው ትታያለች፤ በሄደችበት ሁሉ አረንጓዴ ብርሃን ይከተላታል። የካሜራው ባለሙያ ሮናልድ ኒም ነበር። ፊልሙ በ1947 በተካሄደው የኦስካር ሥነ ሥርዓት ለልዩ ትዕይንት ጥበቡ ተሸልሟል፤ ሽልማቱን ያገኘው ቶም ሃዋርድ ነው። በደህና ቅጂ ሲታይ ቀዩ ጥፍር በአረንጓዴው ጣት ጫፍ ላይ እንደ በርበሬ ፍሬ ይታያል። በነጣ ቅጂ ግን አረንጓዴው ወደ አመድነት ይሄዳል፤ ቀዩም ቡኒ ይሆናል፤ ያን ጊዜ ኤልቪራ የታመመች እንግዳ እንጂ መንፈስ አትመስልም። እናቴ የጠየቀችኝ ጥያቄ ትክክል ነበር።

ቀለሙ ለምን ይበላሻል? ፊልሙ የተቀረጸው በቴክኒከለር ነው። የዚያ ዘመን የቴክኒከለር ካሜራ ብርሃኑን ከፍሎ በሦስት የተለያዩ ጥቁርና ነጭ ፊልሞች ላይ ይቀርጻል፤ ቀለሙ የሚወጣው ሦስቱ በኋላ በማቅለሚያ ሲታተሙና አንዱ በሌላው ላይ ሲያርፍ ነው። ዘመን ሲያልፍ ሦስቱ ፊልሞች እኩል አይኮማተሩም። ስለዚህ ሲደራረቡ ጠርዛቸው አይገጥምም፤ በሰው ትከሻና በበር ደፍ ዙሪያ ባለቀለም ጥላ ይታያል። የብሪቲሽ ፊልም ኢንስቲትዩት ቤተ መዛግብት በ2008 የዴቪድ ሊን ልደት መቶኛ ዓመት ሲከበር አሥር የመጀመሪያ ዘመን ፊልሞቹን አድሷል፤ ይህም አንዱ ነው። ስለዚህ የመጀመሪያው ምክሬ አጭር ነው። የዲስኩን ጀርባ ይመልከቱ፤ ከ2008 በፊት የወጣ ከሆነ ይተዉት፤ ሻጩ በነጻ ቢሰጥዎትም ይተዉት።

ከታደሱት ውስጥ በቁም ነገር የሚነጻጸሩት ሁለት ናቸው። አንዱ የድሮ ፊልሞችን በዲስክ የሚያወጣው የአሜሪካው ድርጅት ክራይቴሪየን በ2012 ያወጣው፣ ሊን ከካዋርድ ጋር የሠራቸውን አራት ፊልሞች በአንድ ሣጥን የያዘው ስብስብ ነው፤ በብሉሬይም (ከዲቪዲ የጠራ ምስል በሚይዘው ዲስክ) በዲቪዲም አለ። ሁለተኛው ከእድሳቱ በኋላ በብሪታንያ የወጣው ዲቪዲ ነው።

በምስል ጥራት ብሉሬዩን የሚወዳደረው የለም። ምስሉ የተሠራበት መስመር በበዛ ቁጥር ይጠራል፤ ብሉሬይ 1080 መስመር አለው፤ የብሪታንያው ዲቪዲ 576፣ የአሜሪካው ዲቪዲ 480። የሳሎኑ መጋረጃ፣ የሩት የራት ልብስ፣ የአርካቲ የአንገት ጌጥ አንድ በአንድ የሚለዩት በብሉሬዩ ነው። ድምፁም ሳይታመቅ፣ እንደ ጥንቱ በሞኖ፣ ማለትም በአንድ የድምፅ መስመር ተቀምጧል። ተጨማሪ ዝግጅቶችም አሉት፤ ከሁሉ የወደድሁት ስለ ካዋርድ በ1992 የተሠራው የቴሌቪዥን ዝግጅት ነው።

ችግሩ ቀጠናው ነው፤ ዓለም በቀጠና ተከፋፍላ፣ ለአንዱ ቀጠና የተቆለፈ ዲስክ በሌላው ቀጠና ማጫወቻ አይሠራም። የክራይቴሪየኑ ብሉሬይ የተቆለፈው ለቀጠና ኤ፣ ማለትም በዋናነት ለሰሜንና ደቡብ አሜሪካ፣ ለጃፓንና ለኮሪያ ነው። አውሮፓ፣ እስራኤል፣ የባሕረ ሰላጤው አገሮች፣ መላው አፍሪካም ቀጠና ቢ ናቸው። እኔ ይህን የተማርሁት ገንዘቤን ካጠፋሁ በኋላ ነው። የገዛሁበት የኢንተርኔት ሻጭ «በሁሉም አገር ይሠራል» ብሎ ጽፎ ነበር። ሣጥኑ ደረሰኝ፤ ዲስኩን አስገባሁ፤ በጥቁሩ ስክሪን ላይ ዲስኩ በዚህ ቀጠና እንደማይጫወት የሚገልጽ አንድ መስመር ወጣ፤ በቃ። ሻጩ የመመለሻውን የፖስታ ወጪ አንቺ ቻይ አለኝ። በመጨረሻ ሣጥኑን አስቀመጥሁትና ሁሉንም ቀጠና የሚያጫውት መሣሪያ ገዛሁ፤ ከእናቴ ጋር ለሁለተኛ ጊዜ ያየነው በዚያ ነው። የዲስኩ ሽፋን ላይ ኤ የሚል ፊደል በትንሽ ምልክት ውስጥ ካለ፣ የሻጩን ቃል ሳይሆን ያን ምልክት ይመኑ።

የብሪታንያው ዲቪዲ ዋጋው ቀላል ነው፤ የታደሰው ቀለምም አለው። ብዙ ሰው የማያውቀው ጉድለቱ ፍጥነቱ ነው። ፊልም የሚቀረጸው በሰከንድ 24 ምስል ሲሆን፣ ፓል የሚባለው የአውሮፓ የቴሌቪዥን ስልት የሚሄደው በ25 ነው። ስለዚህ 96 ደቂቃ ያህል የሆነው ፊልም በፓል ዲቪዲ 92 ደቂቃ ገደማ ላይ ያልቃል። የተቆረጠ ነገር የለም፤ ሁሉም ሰው በ4 በመቶ ፈጥኖ ይናገራል፤ ይራመዳል። ድምፁም ካልተስተካከለ በፒያኖ ከአንድ ቁልፍ ወደ ቀጣዩ ካለው ርቀት ከግማሽ በላይ ይቀጥናል።

አራት በመቶ ምንድን ነው ይባል ይሆናል። ለሌላ ፊልም ምንም አይደለም። እዚህ ግን ሬክስ ሃሪሰን ሲፈጥረውም ፈጣን ተናጋሪ ነው፤ ከሁለት ሴቶች ጋር በአንድ ጊዜ ሲከራከር አንዱ ዓረፍተ ነገር የሌላውን ጅራት ረግጦ ይሄዳል። እንግሊዝኛን በትምህርት ቤት ለተማርን ሰዎች ያቺ ትንሽ ጥድፊያ አንድ ቀልድ ታስመልጠናለች፤ ያመለጠን ቀልድ ምን እንደነበር ስናስብ ደግሞ ሁለተኛው ያልፈናል። ማርጋሬት ረዘርፎርድም ሲቀጥን የማይሆንላት ድምፅ አላት፤ ያ ወፍራም፣ እርግጠኛ፣ እንደ ትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት የሚያዝ ድምፅ ነው አርካቲን አርካቲ የሚያደርጋት። ሁለቱን ቅጂዎች ተራ በተራ ከፍቼ የራት ግብዣውን ክፍል ብቻ አዳምጫለሁ፤ ልዩነቱ ለጆሮዬ ግልጽ ነበር።

በዚሁ ምክንያት የእንግሊዝኛ የግርጌ ጽሑፍ መኖሩን ሳያረጋግጡ አይግዙ። የክራይቴሪየኑ አለው። ሌላ ቅጂ ሲገዙ ሽፋኑ ላይ ተጽፎ ካላዩት እንደሌለ ይቁጠሩት። አማርኛ ተጽፎበት የሚሸጥ ቅጂ አይቼ አላውቅም፤ ስለዚህ ለወላጆች የሚሆነው አጠገብ ተቀምጦ መተርጎም ነው።

የአሜሪካው የክራይቴሪየን ዲቪዲ መካከለኛ ምርጫ ነው። ፍጥነቱ ትክክል ነው፤ መስመሩ ግን ያነሰ ነው፤ ካሜራው ቀስ ብሎ ሲዞርም ምስሉ ትንሽ ይንገጫገጫል። ብሉሬይ ማጫወቻ ለሌለው አሜሪካ ነዋሪ ብቻ እመክረዋለሁ። የኢንተርኔት ኪራይ አንድ ጊዜ አይቶ ለመወሰን ይጠቅማል፤ ሆኖም ዛሬ ያለው ቅጂ የሚቀጥለው ወር ሊነሣ ይችላል፤ የክራይቴሪየን የራሱ የኢንተርኔት አገልግሎትም ከአሜሪካና ከካናዳ ውጭ አይሰጥም። በነጻ የተለቀቀ ቅጂ ካገኙ የኤልቪራን ፊት ይዩ፤ አመድ ከሆነ ይዝጉት። የቪዲዮ ካሴት አልመክርም።

ስለዚህ ዋሽንግተን አካባቢ ወይም ሌላ የአሜሪካ ከተማ ያሉ ሰዎች ሳያመነቱ የብሉሬዩን ሣጥን ይግዙ። የክራይቴሪየን ዲስኮች ባርንስ ኤንድ ኖብል በተባለው የመጻሕፍት መደብር ለዓመታት በጁላይና በኖቬምበር በግማሽ ዋጋ ሲሸጡ ኖረዋል፤ መታገሥ የሚችል ይታገሥ። በአውሮፓ፣ በእስራኤልና በባሕረ ሰላጤው አገሮች ያለን ግን ሁሉን ቀጠና የሚያጫውት መሣሪያ ከሌለን የብሪታንያው ዲቪዲ ይሻለናል፤ በፊደል ሳይሆን በቁጥር የሚጠራው የዲቪዲ ቀጠናችንም ከብሪታንያ ጋር አንድ ነው፣ 2። ኢትዮጵያ በዲቪዲ አከፋፈል ቀጠና 5 ውስጥ ነች፤ ነገር ግን ብዙ ርካሽ የዲቪዲ ማጫወቻዎች ቀጠና ስለማይለዩ፣ ከመግዛት በፊት ከውጭ የመጣ አንድ ዲስክ አስገብቶ መሞከር ነው። በኮምፒውተር ለማየት ያሰበ ይጠንቀቅ፤ የኮምፒውተር ዲቪዲ ማጫወቻ ቀጠናውን የሚያስቀይረው አምስት ጊዜ ብቻ ነው፤ ከዚያ በመጨረሻው ላይ ይቆለፋል። ከአሜሪካ ማጫወቻ የሚልክ ዘመድ ያለው ደግሞ ጀርባው ላይ 100–240 ቮልት መባሉን ያስነብብ፤ 120 ብቻ ከሆነ በእኛ 220 ይቃጠላል።

በ2020 የተሠራ አዲስ «ብላይዝ ስፒሪት»ም አለ፤ አርካቲን ጁዲ ዴንች፣ ቻርልስን ዳን ስቲቨንስ ይጫወታሉ። ሲገዙ ሽፋኑን ካላዩ ይሳሳታሉና ዓመቱን ያረጋግጡ። ልብሱና ቤቱ ያምራል፤ ንግግሩ ግን የካዋርድ ምት የለውም፤ ለእኔ በአንደኛው ምትክ የሚገዛ አይደለም።

እናቴ ወደ አዲስ አበባ ስትመለስ ሻንጣዋ ውስጥ የከተትሁላት የብሪታንያውን ዲቪዲ ነው። ቤት ያለው ማጫወቻ ዲቪዲ ብቻ ነው፤ የሬክስ ሃሪሰን ፍጥነትም እሷን አይነካትም፣ የምትተረጉምላት እህቴ ናት። እሷ የምትፈልገው አረንጓዴው ነው። ለእህቴ በስልክ አንድ ነገር ብቻ አደራ አልኳት፦ ፊልሙ የተቀረጸው ወደ አራት ማዕዘን በቀረበው በጥንቱ ቅርጽ ስለሆነ፣ ቴሌቪዥኑ ስክሪኑን ለመሙላት እንዳይለጥጠው በቅንብሩ ውስጥ 4፡3 የሚለውን ምረጪ፤ በሁለቱ ጎን ጥቁር ቢቀር እንዳትደነግጪ። ማዳም አርካቲ በብስክሌት ስትመጣ ጎማውን እይው፤ እንደ እንቁላል ከረዘመ ተለጥጧል ማለት ነው። በማግስቱ ማታ ደወለች። መጀመሪያ ተለጥጦ ነበር፤ አስተካክላዋለች፤ ጎማው አሁን ክብ ነው፤ እናቴም ለጎረቤታችን ለእትዬ አልማዝ «ቆይ፣ አሁን ሟቿ ትመጣለች» እያለች ነው።