1,200 ብር የከፈልኩበት የአሜሪካ መንግሥት ኮርስ

ቦታው ባሕር ዳር ነው፤ ከሐይቁ ዳር መንገድ ትንሽ ገባ ብሎ አንድ ፎቅ ላይ። አራት ቅዳሜ ከሰዓት፣ 1,200 ብር። የምወቅሰው ነገር ስላለ የቤቱን ስም አልጠራም። ማስታወቂያውን ያየሁት ፔዳ አካባቢ ፎቶ ኮፒ ቤት በር ላይ ነው፤ «የአሜሪካ መንግሥት አሠራር፣ ለዲቪ ዕድለኞችና ማወቅ ለሚፈልጉ» ይላል። እኔ ዕድለኛ አይደለሁም፤ ስንት ዓመት ሞልቼ አንድም ቀን አልደረሰኝም። የተመዘገብኩት እዚያ ካለችው እህቴ ጋር በስልክ መጨቃጨቅ ስለሰለቸኝ ነው። እኔ «እዚያም ያው ነው፣ ፕሬዚዳንቱ ካለ አለ ነው» እላታለሁ፤ እሷ «ዝም በል፣ አታውቅም» ትለኛለች።

የመጀመሪያው ቅዳሜ አስቆጭቶኛል። ግድግዳው ላይ ሦስት ሳጥን፣ በመሃላቸው ቀስት፣ ጽሑፉ ሁሉ በእንግሊዝኛ። ሕግ አውጪ፣ ሕግ አስፈጻሚ፣ ሕግ ተርጓሚ። ይህንማ ሥነ ዜጋ ላይ ተምረነዋል። ሙቀቱ ደግሞ አለ፤ ከኋላዬ የተቀመጠው ልጅ እንቅልፍ ወስዶታል። ያዳኑን ነጠላቸውን ያጣፉ አንዲት እናት ናቸው። እጃቸውን አወጡና «መምህሬ፣ ልጄ በ2012 ዲቪ ደርሶት ቀርቶበታል። የከለከለው ከእነዚህ ሳጥኖች የትኛው ነው?» አሉ።

መምህሩ ሳቀ፣ ፕሮጀክተሩን አጠፋና ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ኮርሱ ለእኔ የጀመረው እዚህ ላይ ነው።

«እናቴ፣ ሦስቱም እጃቸው አለበት» አላቸው። ዲቪ የፕሬዚዳንት ስጦታ አይደለም፤ ኮንግረስ (ሕግ አውጪው ማለት ነው) በ1990 (ከዚህ በኋላ ያሉት ዓመቶች እንደ ፈረንጆቹ ናቸው) ያወጣው ሕግ ነው፣ ስለዚህ ፕሬዚዳንት ብድግ ብሎ ሕጉን ሊሰርዘው አይችልም። ግን ያው ኮንግረስ በሌላ ሕግ፣ ለአገር ይጎዳል ብሎ ያመነበትን የውጭ ሰው መግባት ለጊዜው እንዲያግድ ለፕሬዚዳንቱ ሥልጣን ሰጥቶታል። ትራምፕ በ2020 ኮሮና የሥራ ገበያውን ጎድቶታል ብለው ዲቪንም ጨምረው ያገዱት በዚህ ነው። ኤምባሲዎቹም ቪዛ መስጠት አቆሙ። ሰዎች ከሰሱ፣ ዋሽንግተን ያለ ዳኛም ነሐሴ መጨረሻ ላይ፣ መግባትን ማገድ ሌላ፣ የቪዛውን ሥራ ጭራሽ ማቆም ሌላ ነው፣ ወደ ሥራችሁ ተመለሱ ብሎ አዘዘ። የበጀት ዓመቱ ሊያልቅ ሲልም ከ9,000 በላይ ቪዛ ከዓመቱ በኋላ እንዲሰጥ ተለይቶ እንዲቀመጥ ወሰነ። እኔ እዚህ ጋ «አሸነፉ» ብዬ ማስታወሻዬን ዘግቼ ነበር። ቸኩያለሁ። በ2024 ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ውሳኔውን ሻረው፤ ምክንያቱም የዓመቱ ዲቪ በበጀት ዓመቱ ማብቂያ ቀን ያበቃል ያለው ኮንግረስ ነው፣ ዳኛ ያንን ቀን ማራዘም አይችልም። እናትየው ዝም ብለው ሰሙና «እንግዲያው ልጄን የበላው ቀኑ ነው» አሉ። ከዚህ የተሻለ ማጠቃለያ መጽሐፍ ላይም አላየሁም።

ሁለተኛውና ሦስተኛው ቅዳሜ ጥሩ ነበሩ። ቬቶን፣ ማለትም ፕሬዚዳንቱ ሕግን አልፈርምም ብሎ የሚመልስበትን ሥልጣን፣ ከእኛው ሕገ መንግሥት ጋር እያነጻጸረ አስረዳን። እኛ ጋ ምክር ቤቱ ያጸደቀውን ሕግ ፕሬዚዳንቱ በ15 ቀን ውስጥ ካልፈረሙ ያለ ፊርማቸው ሥራ ላይ ይውላል፣ አለቀ። እዚያ ግን ፕሬዚዳንቱ መልሶ ሊልከው ይችላል፤ ያኔ ሁለቱም የኮንግረስ ምክር ቤቶች ቬቶውን በሁለት ሦስተኛ ድምፅ ካልሻሩት ሕጉ ወደቀ። ስለ ቀድሞው ፕሬዚዳንት ትሩማን ያወራንም ጊዜ አይረሳኝም። 1952 ነው፣ የእኛ ቃኘው ሻለቃ ኮሪያ ላይ እየተዋጋ ነው፣ አሜሪካ ውስጥ የብረት ሠራተኞች ሥራ ሊያቆሙ ሲሉ ትሩማን ለጦርነቱ ብረት ያስፈልጋል ብለው ፋብሪካዎቹን ወረሱ። ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 6 ለ 3 «ኮንግረስ ይህን ሥልጣን አልሰጠዎትም» አለ። ወታደር የለው፣ ገንዘብ የለው፣ ዘጠኝ ሰው ብቻ! ትሩማንም መለሱ። ማታውኑ ለእህቴ ደውዬ ነገርኳት፤ «ትሩማን ደግሞ ማነው?» አለችኝ።

አሁን ወደ ቅሬታዬ። አንደኛ፣ የሚሸጡት ጥራዝ ያረጀ ነው። የዜግነት ፈተናው 100 ጥያቄ ነው ይላል፤ ከጥቅምት 2025 ወዲህ ለሚያመለክቱት ግን ጥያቄው 128 ሆኗል፣ ከ20 ጥያቄ 12 መመለስ አለባቸው። ቢሮ ያለችውን ልጅ ስነግራት «ያው ነው» አለችኝ። ያው አይደለም እህቴ። ሁለተኛ፣ የምስክር ወረቀት ሌላ 300 ብር ነው፣ ይህን ደግሞ የነገሩን በመጨረሻው ቀን ነው። አልወሰድኩም። ሦስተኛ፣ ዋናው የኮንግረስ ጉልበት በጀት ሆኖ ሳለ ለእሱ የተሰጠው 20 ደቂቃ ነው። በ2025 በጀት ሳይጸድቅ ቀርቶ መንግሥቱ ለ43 ቀን በከፊል ተዘግቶ ነበር እኮ!

መምህሩን አንድ ቦታ ላይ አልተስማማሁትም። የኮንግረስ ታችኛው ምክር ቤት ፕሬዚዳንት መክሰስ ይችላል ሲል፣ እስካሁን ሦስት ፕሬዚዳንቶች አራት ጊዜ ተከሰው ክሱን የሚዳኘው ላይኛው ምክር ቤት፣ ሴኔቱ፣ አንዱንም ጥፋተኛ አላለም፣ ታዲያ ልጓሙ የታለ አልኩት። ፕሬዚዳንት ኒክሰንን ጠቀሰልኝ፤ በ1974 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ 8 ለ 0 ለዋተርጌት ቅሌት ምርመራ የተፈለጉትን፣ ቢሮው ውስጥ የተቀዱ የድምፅ ቅጂዎች አስረክብ አለው፣ ከ16 ቀን በኋላ ኒክሰን ለቀቀ። እሺ፣ ጥሩ መልስ ነው፣ ግን የኒክሰን የራሱ ፓርቲ ሰዎች ሲሸሹት ነው የወደቀው። የፓርቲን ነገር ሳጥኖቹ ውስጥ አላየሁትም።

ለማንኛውም ብትሄዱ አትጎዱም። ለመምህሩ ከአምስት አራት እሰጣለሁ፣ ለቢሮው ሁለት። ጥራዙን አትግዙ፣ በመስኮቱ በኩል ተቀመጡ፣ ሐይቁ ይታያል፣ ነፋስም ይገባል። ሲከፍሉ ደረሰኝ መቀበል አይረሳ። የሚቀጥለው ዙር ከፋሲካ በኋላ ነው ብለዋል።