«ኖሜክስ ነው» ተብሎ የተሸጠልን ፊልተር ባግ በሦስት ቀን ጉድ ሠራን

አስፋልት ፕላንት፣ የኖራ ምድጃ ወይም ሌላ ትኩስ አቧራ የሚተፋ ማሽን ያላችሁ፣ በተለይ ግዥ ክፍል የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህን ሳታነቡ ፊልተር ባግ (አቧራ የሚያጣራ የጨርቅ ከረጢት) እንዳትገዙ። እኛ 384 ፍሬ ገዝተን አንዱም ሳምንት አልሞላውም።

የሻጩን ስም አልጽፍም። ጉዳዩ ገና በክርክር ላይ ነው። ደግሞም ይህን ጨዋታ የሚጫወተው እሱ ብቻ ስላልሆነ ስሙን ማወቃችሁ ከሌላው አያድናችሁም። የሚያድናችሁ አሠራሩን ማወቅ ነው።

ነገሩ የጀመረው ከራሳችን ድክመት ነው፤ አልደብቅም። አስፋልት የሚነጠፈው ክረምቱ ሲወጣ እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። ባጎቹ ማርጀታቸውን ፎርማኑ በሚያዝያ ጽፎ አመልክቷል። ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ሰኔ ሆነ፣ በሐምሌ «በጀቱ ይከለስ» ተባለ፣ መስከረም ላይ አማካሪው መሐንዲስ «ንጣፍ መቼ ነው የምትጀምሩት?» ብሎ ደብዳቤ ሲልክ ሁላችንም ባነንን። ከውጭ እናስመጣ ቢባል ባንክ አለ፣ ስፌት አለ፣ መርከብ አለ፣ ጅቡቲ አለ፣ ሞጆ ደረቅ ወደብ አለ። ሦስት ወር ማን ይጠብቃል? «በእጃችን አለ» የሚል ሰው እንደ መልአክ የሚታየው እንዲህ ባለ ሰዓት ነው። እኛም አገኘነው።

ባጉ ምን እንደሚሠራ ለማታውቁ ባጭሩ ልንገራችሁ። ጠጠሩ በሚሽከረከረው በርሜል ውስጥ በእሳት ሲደርቅ የሚነሳው አቧራ ከጋዙ ጋር ተስቦ በነዚህ ረጃጅም የጨርቅ ከረጢቶች ያልፋል። አቧራው ከጨርቁ ውጭ ይቀራል፣ በጭስ ማውጫው የሚወጣው ንጹሕ አየር ይሆናል። ታዲያ ጋዙ ትኩስ ነው። የኛ ፕላንት መግቢያው ላይ 165 እና 170 ዲግሪ ያነባል። ተራ ፖሊስተር ጨርቅ ያለማቋረጥ የሚችለው እስከ 130 ገደማ ነው። ስለዚህ አስፋልት ፕላንት ላይ የሚገባው እስከ 200 የሚችለው አራሚድ የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ሰው ሠራሽ ጨርቅ ነው። ኖሜክስ የሚባለው ይኸው ነው፤ በመሠረቱ ኖሜክስ የዱፖንት የንግድ ስም ሆኖ ሳለ እኛ አገር የማንኛውም አራሚድ መጠሪያ ሆኗል። ስሙ እንዲህ መላላቱም ለሻጩ ተመችቶታል። (የቻይና አራሚድ ሁሉ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም። ከዚያ የመጣ ሁለት ዓመት ያገለገለን ባግ ነበረን።)

ሰውየው ቢሯችን ድረስ ሳምፕል ይዞ መጣ። ክሬም መልክ ያለው፣ ወፍራም፣ በእጅ ሲዳስሱት የሚያምር ጨርቅ። ፎርማኑ ጫፉን በላይተር ለኮሰው፦ ጠቆረ፣ ከሰለ፣ እሳቱን ሲያነሳው ወዲያው ጠፋ። ትክክለኛ አራሚድ ነበር። ዋጋው ከሌሎቹ ሲሶ ያህል ያንሳል፣ «ነገ ጭነን እንልካለን» ይላል፣ ከሳምፕሉ ጋር የፋብሪካ የምርመራ ወረቀት አያይዟል። ከዚህ በላይ ምን ይፈለጋል? 70 በመቶ ቅድመ ክፍያ በሲፒኦ ሰጠነው።

ዕቃው በሁለተኛው ቀን ደረሰ። ስቶር ኪፐሩ ከላይ ያለውን እስር ፈቶ ሁለት ፍሬ አየ፣ ልክ እንደ ሳምፕሉ ነው፣ ቆጠረ፣ ፈረመ። ቀሪው 30 በመቶም በዚያው ተከፈለ። ያ ፊርማ ስንት እንዳስከፈለን ቆይታችሁ ታያላችሁ።

ገጥመን አስነሳን። የመጀመሪያው ቀን ሰላም ነበር። በሁለተኛው ቀን የግፊት መለኪያው ከተለመደው በላይ ወጣ፤ ኦፕሬተሩ «አዲስ ጨርቅ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» አለ። ለካ ጨርቁ በሙቀቱ ተኮማትሮ ከረጢቱን ከውስጥ ዘርግቶ የሚይዘውን የብረት ኬጅ ጥብቅ አድርጎ ይዞ ኖሯል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት መለኪያው ዝቅ አለ፣ ሰው ደስ ሊለው ሲል ጭስ ማውጫው እንደ ዱቄት ወፍጮ ነጭ አቧራ ለቀቀው። ሲከፈት ባጎቹ ከግርጌያቸው ተቀደዋል፣ አንዳንዶቹ ኬጁ ላይ ተኮማትረው ተለጥፈዋል። ለመላቀቅ በቢላ ነው የተላጡት።

ወሩ ጥቅምት ነው፤ ጤፉ ሊታጨድ ደርሷል። በማግስቱ ጠዋት ከፕላንቱ አጥር ማዶ ማሳ ያላቸው አንድ አዛውንት አንድ ጭብጥ ጤፍ ነቅለው መጡና መዳፋቸው ላይ አራገፉት። አቧራው እንደ አመድ ቦነነ። «ልጄ፣ እህሉንስ እናበጥረዋለን፤ ገለባውን ግን ከብት ይበላዋል?» አሉኝ። ምን እላቸዋለሁ? «አባቴ፣ የገዛነው ጨርቅ ውሸት ነው» ልበላቸው? የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995ም ቢሆን ተጠያቂ የሚያደርገው አቧራውን የለቀቀውን ነው። ጭስ ማውጫው የኛ ነው። ሻጩ ከተማ ውስጥ ቡናውን ይጠጣል።

ያን ዕለት ነው ቀድመን ልንሠራው የሚገባንን ሥራ የሠራነው። የሚገርመው ለምርመራው የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ በገዛ ላቦራቶሪያችን ነበር። የናንተም ሳይት ላይ አለ፣ ስለዚህ ልብ ብላችሁ አንብቡ።

ከታችኛው እስር አንድ ባግ አወጣንና 10 በ10 ሳንቲ ሜትር ቆርጠን ሚዛን ላይ አስቀመጥነው። 4.1 ግራም። በመቶ ስታባዙት በካሬ ሜትር 410 ግራም ማለት ነው፤ ወረቀቱ ላይ ያለው 500 ነው። ቀጥሎ 20 ሳንቲ ሜትር ርዝመት ያለው ብጣሽ የጠጠር ማድረቂያው ኦቨን ውስጥ በ200 ዲግሪ ሁለት ሰዓት አቆየን፣ ከጎኑ መሳቢያ ውስጥ የቀረችውን ሳምፕል። ሳምፕሏ እንደገባች ወጣች ማለት ይቻላል። የኛው ብጣሽ ከሁለት ሳንቲ ሜትር በላይ አጥሮ እንደ ካርቶን ደርቆ ወጣ። በመጨረሻ እሳት፦ ቀለጠ፣ ተንጠባጠበ፣ ሲቀዘቅዝ ጫፉ ላይ ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ቀረ። ፖሊስተር! ክሬም ቀለም የተነከረ ፖሊስተር። (የእሳቱን ሙከራ ከሬንጅ ታንከሩ ራቅ ብላችሁ ሥሩ፤ የኛ ልጅ በንዴት እዚያው አጠገብ ሊለኩስ ሲል ነው የያዝነው።)

የላይኛው እስር ግን እውነተኛ አራሚድ ሆኖ ተገኘ፤ ከ384ቱ 24 ፍሬ። የነሱም ቢሆን ስፌቱ በተራ ፖሊስተር ክር ነው የተሰፋው፣ ስለዚህ ጨርቁ ሳይነካ መገጣጠሚያው በርግዷል። ክሩን ማን ያያል? እኔ በአሥራ አንድ ዓመት የግዥ ሥራ ክር ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ወረቀቱንስ? ብርሃን ላይ አድርገን ስናየው ገዥ በሚለው ቦታ የሌላ ድርጅት ስም በነጭ ማጥፊያ ተሸፍኖ ፎቶ ኮፒ የተደረገ ነው። ማኅተሙ ያምራል።

ሻጩ ጋ ስንደውል ንግግሩ ለስላሳ ነበር። «የበርነራችሁ እሳት በዝቶ ይሆናል፣ ኦፕሬተራችሁ አቃጥሎት ይሆናል፤ ደግሞስ አራሚድ ነው ብዬ የት ጻፍኩ?» አለን። ሮጠን ፕሮፎርማውን አወጣን። እውነቱን ነው! «ሃይ ቴምፕሬቸር ፊልተር ባግ፣ 384 ፍሬ» ይላል፣ ሌላ የለም። ደረሰኙም እንደዚያው። አራሚድ የሚለው ቃል ያለው በአፉና በዚያ ፎቶ ኮፒ ላይ ብቻ ነው። ሰውየው ቃሉን ሆን ብሎ ነው የተወው ብዬ አምናለሁ።

የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ አለ ብላችሁም እንዳትመኩ። አዋጅ ቁጥር 813/2006 ሸማች የሚለው ለራሱ ወይም ለቤተሰቡ ፍጆታ የሚገዛን ሰው ነው፤ ለምርት ሥራ የገዛ ድርጅት እዚያ ውስጥ አይገባም። እኛን የሚመለከተን የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ የሽያጭ ክፍል ነው፣ እሱ ደግሞ ገዥ ዕቃውን ሳይዘገይ መርምሮ ጉድለቱን ለሻጭ እንዲያስታውቅ ይጠብቃል። ጠበቃችን መጀመሪያ የጠየቀን «ስትረከቡ መርምራችኋል?» ብሎ ነው። ስቶር ኪፐሩ የፈረመው ወረቀት ላይ ያለውን ቃል አነበብንለት፦ «በጥሩ ሁኔታ ተረክቤአለሁ።»

አሁን የምንሠራበት መንገድ ይህ ነው፣ የሚጠቅማችሁን ውሰዱ። ፕሮፎርማው ላይ የጨርቁ ዓይነት፣ ክብደቱ በካሬ ሜትር፣ ያለማቋረጥ የሚችለው ሙቀትና የስፌት ክሩ ዓይነት ካልተጻፈ አናየውም። ሲጫን ሳይሆን ሲራገፍ፣ ከመሃልና ከታች ከሚገኝ እስር፣ እኛ በመረጥነው ቦታ ሦስት ፍሬ ይቀደዳል። ሻጩ «ዕቃ ታበላሻላችሁ» ካለ የሦስቱን ዋጋ እንከፍላለን፤ ሲቀደድ ቆሞ መመልከት ትቶ መከልከል ከጀመረ ግን ነገሩ ገብቶናል ማለት ነው። ከክፍያው 10 በመቶ ፕላንቱ 30 ቀን እስኪሠራ እጃችን ላይ ይቆያል። በዚህ የሚከራከር ሻጭ ብዙ ነው፣ የሚስማማም አለ፤ ልዩነቱን ያየሁት እዚህ ላይ ነው።

ከሁሉ በላይ ግን ትዕዛዙ የሚሄደው በጥር ነው፣ ንጣፉ ገና እየተሠራ ሳለ። ስቶር ውስጥም ቢያንስ 40 መለዋወጫ ባግ ሁልጊዜ ይቀመጣል። ያን ጊዜ የተረፍነውም በመለዋወጫ ነው፦ ማዶ ያለው ሌላ ተቋራጭ ያገለገሉ 120 ባጎች አበደረን፣ የቀሩትን የባግ መስቀያ ቀዳዳዎች በብረት ክዳን ደፍነን አቅማችንን ቀንሰን ሠራን። በርነሩን ቀንሰን ፖሊስተሩን እናቆየው ብለንም ሞክረን ነበር። ጠጠሩ ገና የክረምት ውሃ ስላለበት እንፋሎቱ ጨርቁ ላይ ጤዛ እየሆነ አቧራውን ጭቃ አደረገው፣ የአስፋልት ድብልቁም ቀዝቅዞ ንጣፍ ማሽኑ (ፊኒሸሩ) ላይ ደረሰ። አትድከሙ።

ለአዛውንቱ የገለባውን ግምት ድርጅቱ ከፍሏል፤ ለሌሎች አራት ገበሬዎችም እንደዚሁ።

ይህን ለመጻፍ ያነሳሳኝ ባለፈው ማክሰኞ ያየሁት ነው። በቴሌግራም አንድ የማሽነሪ ዕቃ ማስታወቂያ ደረሰኝ፦ ክሬም መልክ ያላቸው ባጎች በእስር በእስር ተደርድረው፣ «ኦሪጅናል ኖሜክስ፣ በእጃችን አለ፣ ብዛት የተወሰነ»። ፎቶውን ትልቅ አድርጌ አየሁት። ከኋላ የሚታየው ግድግዳ የኛ ስቶር ነው። ርክክብ ስናደርግ የሻጩ ልጅ በስልኩ ሲያነሳ ቆሜ እያየሁት ነበር።