ሚጥሚጣን ላዳኑልን ሰዎች፤ ኤሊ ያላችሁ ይህን አንብቡ

ሰላም ለሁላችሁ፣ በተለይ በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዲሲ ለምትኖሩ ወገኖች። ይህን የምጽፈው አንዲት የእንስሳት ሐኪምንና ረዳቷን ለማመስገን ነው። ታካሚዋ ውሻ አይደለችም፣ ድመትም አይደለችም። ኤሊ ናት። መሳቅ የሚፈልግ አሁኑኑ ስቆ ይጨርስ፤ እኔም መጀመሪያ ስቄያለሁ።

ስሟ ሚጥሚጣ ነው። ስሙን ያወጣችላት የዘጠኝ ዓመቷ ልጄ ናት፤ ከዓይኗ ኋላ በግራና በቀኝ ደማቅ ቀይ ሰረዝ ስላላት። እዚህ አሜሪካ ሰው ቤት የምታዩዋት የውሃ ኤሊ አብዛኛውን ጊዜ ይህችው ዝርያ ናት። ከሦስት ዓመት በፊት ቤት የሚለቅ ጎረቤታችን ከነገንዳዋ አስረከበን። «ምንም አታስቸግርም፣ ምግብ ጣል ማድረግ ብቻ ነው» አለን። እኛም አመንነው። በደንብ ከተያዘች ሠላሳ ዓመት ልትኖር እንደምትችል ያወቅሁት በኋላ ነው። ቀድሜ ባውቅ ኖሮ እንጃ።

እኔ ሌሊት ነው የምነዳው። ንጋት ላይ ቤት ስገባ ሰው ሁሉ ተኝቷል፤ የምትቀበለኝ ሚጥሚጣ ብቻ ናት። አንገቷን አስግጋ በመስታወቱ ላይ ትንፈራገጣለች። ቁርስ ፈልጋ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ቢሆንም የሚቀበል ሰው ማግኘት ደስ ይላል። ባለፈው ጃንዋሪ ይህ ቀረ። ድንጋዩ ላይ ወጥታ ቀኑን ሙሉ ትውላለች። የደረቀ ሽሪምፕ ስጥልላት ዞር ብላም አታይም። ቡና ላይ ለጓደኞቼ ባነሳው «ብርድ ነው እኮ፣ ኤሊ በብርድ ትተኛለች» አሉኝ። ልክ መሰለኝ። እውነቱን ለመናገር ልክ እንዲሆን ፈልጌ ነበር፤ የምትተኛ ኤሊ ወጪ የላትም።

ይህን ስሕተት ሌላ ሰው እንዳይደግመው ነው ዋናው የመጻፌ ምክንያት። ደጅ ሐይቅ ውስጥ ያለች ኤሊ በብርድ ወራት ጭቃ ውስጥ ገብታ ልትከርም ትችላለች። ሳሎን ውስጥ ያለች ኤሊ ግን አትከርምም። ቤት ውስጥ ያለች ኤሊ መብላት ካቆመችና ከፈዘዘች፣ ወይ ገንዳው ቀዝቅዟል ወይ ታማለች፤ የእኛ ሁለቱም ነበር።

በሳምንቱ ዓይኖቿ አብጠው ተዘጉ። አንድ የቤት እንስሳት ዕቃ መሸጫ ሄጄ ብነግራቸው የዓይን ጠብታ ሸጡልኝና «ሳምንት ሞክረው» አሉኝ። ሞከርኩ። በአምስተኛው ቀን አፍንጫዋ ላይ እንደ ሳሙና አረፋ ያለ ነገር አየሁ። አፏን ከፍታ አንገቷን ወደ ላይ ትዘረጋለች። ልጄ «አባዬ፣ እያዛጋች ነው» አለች። ከዚያ ውሃ ውስጥ ስትገባ ጎኗ ዘመመ። አንዱ ወገን ይሰምጣል፣ አንዱ ይንሳፈፋል፤ ጭነቱ ወዳንድ ወገን እንዳጋደለ አይሱዙ። ያን ጊዜ ደነገጥኩ።

አቅራቢያችን ያለ ክሊኒክ ስደውል ውሻና ድመት ብቻ እንደሚያዩ ነገሩኝ። አልቀየምኳቸውም፣ የማያውቁትን አናውቅም ማለታቸው ጥሩ ነው። እናቴ ከደሴ ደውላ ሐኪም እየፈለግሁ እንደሆነ ስትሰማ «ለኤሊ? እዚህ ሰው ያጣውን!» አለችኝ። ምን ብዬ ልመልስ፣ እውነቷን ነው። ግን ልጄ ገንዳው ሥር ትራስ አንጥፋ ተኝታለች።

በመጨረሻ የገበሎ አስተኔዎችና (እንደ ኤሊና እንሽላሊት ያሉት) የእንቁራሪት አስተኔዎች ሐኪሞች ማኅበር፣ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ARAV፣ እንዳለ አገኘሁ። ድረ ገጹ ላይ በየስቴቱ ያሉ አባል ሐኪሞችን መፈለግ ይቻላል። ይህን ያዙት፣ የትም ስቴት ብትኖሩ ይጠቅማችኋል። እኔም በዚያ በኩል ነው ዶክተሯ ጋ የደረስኩት። ሳላስፈቅዳቸው ስማቸውን አደባባይ ላይ ማውጣት ስላልወደድኩ ነው ያልጻፍኩት፤ የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጠይቁኝ።

ስልኩን ያነሳው ልጅ ስሜን ሲሰማ ዝም አለና «ጋሼ፣ አማርኛ ይቀልዎታል?» አለኝ። ረዳቷ ሐበሻ ነው! እዚያው የሰጠኝ ምክር ብቻ ለምስጋና ይበቃል። ውሃ ውስጥ አድርገው እንዳያመጧት፣ ፎጣ በተነጠፈበት የፕላስቲክ ሣጥን ውስጥ ያምጧት፤ መኪናውን ቀድመው ያሙቁት፤ የገንዳውን፣ የመብራቱንና የምግቡን ከረጢት ፎቶ አንስተው ይምጡ አለኝ። እስከዚያው ደግሞ ውሃውን ዝቅ ያድርጉት አለ። ለካ ጎኗ የዘመመ ኤሊ ጥልቅ ውሃ ውስጥ ልትሰምጥ ትችላለች። ኤሊ ውሃ ውስጥ ስትሞት አስቡት።

ዶክተሯ ሚጥሚጣን ከመንካቷ በፊት ፎቶዎቹን አየች። ረጅም ጊዜ አየቻቸው። ከዚያ ጥያቄ ጀመረች። ውሃው ስንት ዲግሪ ነው? አላውቅም። አምፖሉ መቼ ተቀየረ? ተቀይሮ አያውቅም፣ ይበራል እኮ። ምን ትበላለች? ሽሪምፕ። ሌላስ? ሽሪምፕ። በየመልሱ እያፈርኩ ሄድኩ። እሷ ግን አንድም ጊዜ ፊቷን አላጠቆረችም። «ብዙ ሰው እንዲህ ነው የሚመጣው፣ አንተ ደግሞ በሕይወት እያለች አምጥተሃታል» አለችኝ።

ራጅ አነሳቻት፤ ከላይ፣ ከጎንና ከፊት። የኤሊ ሳንባ ከጀርባዋ ቅርፊት ሥር ተለጥፎ ነው ያለው። በፎቶው ላይ አንደኛው ወገን ጥቁርና ንጹሕ ነው፣ ሌላው ጭጋግ ለብሷል። የሳንባ ምች ነበር። የዘመመችው ለዚህ ነው፤ አየር ያለበት ወገን ሲንሳፈፍ የታመመው ይሰምጣል። ኤሊ እንደ እኛ ስላ አክታ ማውጣት አትችልም፣ ስለዚህ የገባው እዚያው ይቀራል። ያዛጋች የመሰለን አየር አጥሯት ነው።

ዓይኗስ? እዚህ ላይ ነው የራሴን ጥፋት ያየሁት። የደረቀ ሽሪምፕ ለኤሊ እንደ ቆሎ ነው፣ ትወደዋለች፤ ቆሎ ብቻ እየበሉ ግን አይኖርም። ቫይታሚን ኤ ሲጎድላት የዓይኗና የመተንፈሻዋ ውስጠኛ ሽፋን ይወፍራል፣ ዓይኗ ያብጣል፣ ሳንባዋም ለበሽታ ይጋለጣል። ጠብታው ምንም ያላደረገው ለዚህ ነበር። እኔም «ታዲያ ቫይታሚኑን በመርፌ ስጪያታ» አልኩ። እምቢ አለች። ከመጠን ካለፈ የኤሊን ቆዳ እንደሚልጥ ነገረችኝና ከምግብ ብታገኘው ይሻላል አለች። ሊከፈላት የሚችለውን መርፌ አልወጋም ያለች ሐኪም፣ ልብ በሉልኝ።

ስለ አምፖሉ ያስረዳችኝ ደግሞ እስካሁን ይገርመኛል። ኤሊ አጥንቷንና ቅርፊቷን ለማጠንከር ከፀሐይ የሚመጣውን ዩቪቢ የተባለ ጨረር ትፈልጋለች። የእኛ አምፖል ማሞቂያ ብቻ ነበር። መስኮት አጠገብ ስለማስቀምጣት ፀሐይ ታገኛለች ብዬ ነበር፤ ለካ የመስኮት መስታወት ያንን ጨረር አያሳልፍም። ትክክለኛው አምፖል ቢገዛም ከስድስት ወር እስከ ዓመት ባለው ጊዜ መቀየር አለበት፤ መብራቱ እየበራ ጨረሩ ያልቃል። የሚጥሚጣን ጀርባ በጣቷ ጫን ጫን እያለች ስታይ ትንፋሼን ይዤ ነበር። ደግነቱ አልለሰለሰም። የሚለሰልስ፣ የሚሸት ወይም ጉድጓድ ጉድጓድ የሚያወጣ ቅርፊት ካያችሁ ግን አትጠብቁ።

ሕክምናው ሰባት መርፌ ነበር፣ በየሦስት ቀኑ አንድ። ሁሉንም እዚያ ሄዶ ለመወጋት ገንዘቡም ጊዜውም አይበቃኝም፤ ዶክተሯም ይህን ሳልነግራት ገባት። ረዳቷ ልጅ የመጀመሪያውን እኔ እያየሁ ወጋ፣ ሁለተኛውን እሱ እያየኝ እኔ ወጋሁ። እጄ እንዴት እንደተንቀጠቀጠ! «አይዞዎት ጋሼ፣ እሷ ከእርስዎ የበለጠ ትረጋጋለች» አለኝ። መርፌው የሚወጋው የፊት እጇ ላይ ነው። ከኋላ እግር የሚነሳው ደም መጀመሪያ በኩላሊት በኩል ሊያልፍ ስለሚችል ነው አሉኝ። የቀሩትን አምስቱን ተሞልተው ሰጡኝ፣ ፍሪዘር ውስጥ የሚቀመጡ። የሐበሻ ፍሪዘር ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ። ባለቤቴ በበርበሬውና በክትፎው ሥጋ መሃል የኤሊ መርፌ ስታይ ያለችውን እዚህ አልጽፍም። ክዳን ባለው ሣጥን አሽጌ ለየብቻ ካደረግሁት በኋላ ነው ሰላም የወረደው።

የውሃውን ሙቀት ወደ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ አሳደግን፤ ስንለካው 20 ነበር። የኤሊ ገላ በሽታን የሚከላከለው ሲሞቅ ነው፤ ከቀዘቀዘች መድኃኒቱም ብቻውን አያድናትም። የምትሞቅበት ድንጋይ ላይ ደግሞ ከ30 በላይ። ምግቧ ተዘጋጅቶ የሚሸጥ ፍሬ ፍሬ የኤሊ መኖ ሆነ፣ ከሱ ጋር የተፈጨ ካሮት፣ ስኳር ድንችና ጎመን። አዎ ጎመን፣ የእኛው ጎመን! ዶክተሯ ስለ ጎመን ስታወራ ኩራት ተሰማኝ። ቆስጣ ግን አታብዛ አለችኝ፤ ካልሲየሙን ይዞ ያስቀረዋል። መጀመሪያ አልበላ ብላ ነበር። ስምንት ቀን ሙሉ በየንጋቱ ትኩስ ጎመን እያስቀመጥኩ የደረቀውን እያነሳሁ ቆየሁ። በዘጠነኛው ቀን ከሥራ ስገባ ቅጠሉ ዳር ላይ የተነከሰ ግማሽ ጨረቃ አየሁ። ሌሊቱን ሁለት መቶ ዶላር ሠርቼ ከገባሁባቸው ቀናት የበለጠ ደስ አለኝ።

ልጆች ያላችሁ፣ አንድ ነገር ልጨምር። ዶክተሯ «ገንዳውን ማን ያጥባል? የት?» ብላ ጠየቀችኝ። ኩሽና ሲንክ ውስጥ ነበር የማጥበው፣ እኛ ሰላጣ በምናጥብበት። ጤነኛ የምትመስል ኤሊም ሳልሞኔላ የተባለውን ሰው የሚያሳምም ባክቴሪያ ይዛ ልትገኝ ትችላለች። አሜሪካ ቅርፊቷ ከአራት ኢንች ያነሰ ኤሊ እንዳይሸጥ በ1975 የከለከለችው ለዚህ ነው፤ ልጆች ትንንሾቹን አፋቸው ውስጥ ይከቷቸው ነበር። አሁን የራሷ ባልዲ አላት፣ ልጄም ነክታት ሳትታጠብ እህል አትነካም። የሰለቻችሁም ብትሆን ሐይቅ ውስጥ ወስዳችሁ እንዳትጥሏት። የአገሬውን ኤሊ ቦታና ምግብ ትሻማለች።

ክሊኒኩ እንከን የለውም አልልም። ስልክ ቶሎ አያነሱም። ዶክተሯ ኤሊና እንሽላሊት የምታየው ማክሰኞና ሐሙስ ብቻ ነው። መኪና ማቆሚያው ጠባብ ነው፣ እኔም ትኬት ቆርጠውብኛል። ዋጋው ርካሽ አይደለም፤ ግን ከመጀመሩ በፊት ስንት እንደሚመጣ ጽፈው ይሰጣሉ፣ ራጁን አሁን እናንሳ ወይስ መጀመሪያ መርፌውን እንሞክር ብለውም ያማክራሉ። የነገሩኝን ያህል እንጂ የፈራሁትን ያህል አላስከፈሉኝም።

ሚጥሚጣ ስትገባ 612 ግራም ነበረች፤ ባለፈው እሑድ በኩሽና ሚዛን 655 ሆናለች (ሚዛኑም የራሷ ነው፣ አትጨነቁ)። ቀጥ ብላ ትዋኛለች። ንጋት ላይ እንደ ድሮው መስታወቱን ትቧጭርልኛለች።

በመጨረሻው ቀጠሮ ለዶክተሯ ምን ይዤ ልሂድ ብዬ ተቸገርኩ። ልጄ ናት ያሰበችው። የስሙን ትርጉም ስትጠይቀን ስለነበር፣ በትንሽ ብልቃጥ እውነተኛ ሚጥሚጣ ወሰድንላት። ረዳቷ ልጅ «በጥንቃቄ» ብሎ አስጠነቀቃት። በሳምንቱ ደውዬ የደም ውጤት ስጠይቅ ስልኩን እሱ አነሳና እየሳቀ «ጋሼ፣ እንቁላል ላይ በማንኪያ ነስንሳ በልታው ሰኞ ሥራ አርፍዳ ገባች። ሌላ ብልቃጥ ካለ ግን አምጡልኝ ብላለች» አለኝ።