ለቪታ በጎ ፈቃደኞች ምስጋና፤ ከገቢው በፊት ቤተሰቡን ለሚጠይቁት

በሜሪላንድ፣ በቨርጂኒያና በዋሽንግተን ዲሲ በየቤተ መጻሕፍቱና በየማኅበረሰብ ማዕከሉ ተቀምጠው ታክስ በነፃ የሚሠሩትን፣ አይአርኤስ የተባለው የፌዴራል ታክስ መሥሪያ ቤት የሚደግፈውን የቪታ ፕሮግራም በጎ ፈቃደኞች፣ በተለይም ለወገኖቻችን በአማርኛ የሚያስረዱትን፣ እጅ ነስተን እናመሰግናለን። የ2025ን ታክስ ገና ያላሠራ ሰው ካለ ወደ እነሱ ይሂድ።

ደብሊው-2ውን (የደመወዝ ማስረጃውን) ከመንካታቸው በፊት 13614-ሲ የሚባል መጠይቅ ያስሞላሉ። ዲሴምበር 31 ላይ ባለትዳር ነበሩ? ቤት ውስጥ ማን ስንት ወር ኖረ? ኪራዩንና አስቤዛውን ማን ቻለ? ብዙ ሰው እንደ ጣጣ ያየዋል፤ የሪፈንዱ መጠንም ሆነ በኋላ ከአይአርኤስ የሚመጣው ደብዳቤ የሚወሰነው ግን እዚህ ላይ ነው።

እኛ ዘንድ ብዙ ስህተት የሚፈጠረው «ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ» በሚለው የታክስ ምድብ ነው። ሲተረጎም አባወራ ስለሚመስል፣ ከሚስቱ ጋር የሚኖረውም «እኔ ነኝ» ብሎ ይመርጠዋል። ሕጉ አባወራነትን አይመለከትም። የሚፈልገው ያላገባ፣ የቤቱን ወጪ ከግማሽ በላይ የከፈለና ብቁ የሆነ ልጅ ወይም ዘመድ ከግማሽ ዓመት በላይ አብሮት የኖረ ሰው ነው። ያገባ ሰው ልጁ አብሮት ኖሮ፣ የትዳር ጓደኛው ግን የዓመቱን የመጨረሻ ስድስት ወራት በሙሉ ሌላ ቤት ከኖረ፣ ወጪውንም እሱ ከቻለ ይፈቀድለታል። የ2025 ስታንዳርድ ዲዳክሽን (ታክስ ሳይከፈልበት ከገቢ ላይ የሚቀነሰው) ለሲንግል (ላላገባ) 15,750፣ ለሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ 23,625 ዶላር ነው። የ7,875 ዶላር ልዩነት ስላለው አይአርኤስም ዓይኑን አይነቅልበትም።

ሚስቱ አዲስ አበባ ያለች ሰውስ? «ወረቀቷ ስላልመጣ ሲንግል ነኝ» ማለት አይቻልም፤ እዚያ የተፈጸመ ሕጋዊ ጋብቻ እዚህም ጋብቻ ነው። ያለው ምርጫ ለየብቻ ማስገባት ወይም ሚስቱን እንደ አሜሪካ ነዋሪ ቆጥሮ አብሮ ማስገባት ነው። ሁለተኛው 31,500 ዶላር ዲዳክሽን ቢያስገኝም፣ የሁለቱም ገቢ ከየትም ዓለም ይምጣ ይታወጃል፤ ሁለቱ የፈረሙበት መግለጫ ይያያዛል፤ ሶሻል ሴኩሪቲ ስለሌላትም በደብሊው-7 ፎርም አይቲን (በሶሻል ምትክ የሚሰጥ የታክስ መለያ ቁጥር) ይጠየቅላታል። ብቁ ልጅ አብሮት የሚኖር ከሆነ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ሊሆን ይችላል፤ በሚስቱ ምክንያት ብቻ ግን አይሆንም። ሲንግል ብሎ የሞላ ሰው ሚስቱን ለማምጣት ሲያመለክት የታክስ ቅጂ መጠየቁን አይርሳ።

ዲፔንደንትን (በታክስ ላይ እንደ ጥገኛ የሚመዘገብ ሰውን) በተመለከተ፣ ኢትዮጵያ ያሉ እናትና አባት በየወሩ ቢጦሩም አይቆጠሩም። ዜግነት ወይም የአሜሪካ ነዋሪነት ይጠየቃል፤ ከጎረቤት አገር ነዋሪዎች የሚፈቀደው ለካናዳና ለሜክሲኮ ብቻ ነው። የሐዋላ ደረሰኝ ክምር ይህን አይለውጠውም። እዚህ በግሪን ካርድ ያለች እናት ግን የምትቆጠረው ታክስ የሚነካው ገቢዋ ከ5,200 ዶላር በታች ከሆነና ከግማሽ በላይ የሚጦራት ልጇ ከሆነ ነው። የ500 ዶላር ክሬዲት (ከታክሱ ላይ የሚቀነስ) ታስገኛለች። ለእናት ደግሞ አብሮ መኖር ግዴታ አይደለም፤ ያላገባ ልጇ የእሷን ቤት ወጪ ከግማሽ በላይ ከከፈለ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ሊሆንባት ይችላል። ሲኒየር ሃውሲንግ (የአረጋውያን መኖሪያ) ገብታ ኤስኤስአይ የሚባለውን የመንግሥት ድጎማ የምትቀበል ከሆነ ስሌቱ ይከብዳል፤ ለኑሮዋ የሚወጣው የመንግሥት ገንዘብ ልጇ ያደረገው ድጋፍ ተብሎ አይያዝም።

የአጎት ልጅም ለእኛ ወንድም ነው፤ ለአይአርኤስ ግን የወንድምና የእህት ልጅ ዘመድ ተብሎ ሲቆጠር የአጎት ልጅ አይቆጠርም። የአጎት ልጅ ዲፔንደንት እንዲሆን ዓመቱን ሙሉ እቤት ኖሮ ገቢውም ከ5,200 በታች መሆን አለበት። ከ17 ዓመት በታች ለሆነ ልጅ ክሬዲቱ እስከ 2,200 ዶላር ስለሚደርስ፣ የተለያዩ ወላጆች ሁለቱም ያስገቡትና የሁለተኛው ሰው ኢፋይል (በኢንተርኔት የተላከው ታክስ) ሊመለስ ይችላል። መብቱ በመሠረቱ ልጁ ብዙ ሌሊት እሱ ዘንድ ላደረ ወላጅ ነው። እሱ በፎርም 8332 ለሌላው መልቀቅ ይችላል፤ ሄድ ኦፍ ሃውስሆልድ ግን አብሮ አይተላለፍም።

ሌላው ፈተና የስማችን አሠራር ነው። የልጁ የመጨረሻ ስም የአባቱ መጠሪያ፣ የአባቱ የመጨረሻ ስም የአያቱ ሊሆን ይችላል። ሶፍትዌሩ የአባቱን የመጨረሻ ስም በልጁ ላይ ሲደግመው፣ ከሶሻል ሴኩሪቲ መዝገብ ጋር ስለማይገጥም ኢፋይሉ ውድቅ ይሆናል። በጎ ፈቃደኞቹ ግን ካርዱን እያዩ ፊደል በፊደል ይጽፋሉ፤ ተባረኩ! ከዚያም ሌላ ሰው እንደገና ይመረምረዋል።

ሁሉንም አይሠሩም። የሚከራይ ቤት ያለው ወይም በኡበር ሥራው ኪሳራ የሚያሳይ ሰው ወደ ባለሙያ ይላካል። የሚከፍሉት ባለሙያ ፒቲን ቁጥሩን (አይአርኤስ ለታክስ ሠሪ የሚሰጠውን መለያ) ጽፎ ካልፈረመ ወይም ክፍያውን ከሪፈንዱ በፐርሰንት ካሰበ ግን ወረቀትዎን ይዘው ይውጡ።

ቅርብ ያለውን የቪታ ቦታ በአይአርኤስ ስልክ 800-906-9887 ጠይቀው ቀጠሮ ይያዙ። መታወቂያና የሁሉንም ሰው የሶሻል ካርድ፣ እንዲሁም ልጁ በአድራሻዎ መኖሩን የሚያሳይ የትምህርት ቤት ወይም የሐኪም ደብዳቤ ይያዙ። አብረው የሚያስገቡ ባልና ሚስት ሁለቱም ስለሚፈርሙ አንዱ ብቻ አይሂድ።