በየሁለት ሳምንቱ አራት ሰዓት ተኩል

ልጄ ሰርሊፖናዝ አልፋ የሚባለውን መድኃኒት ከጀመረች ሁለት ዓመት ሞላት። ከአምስት ኮከብ አራት እሰጠዋለሁ። የቀነስኳት አንዷ በዓይኗ ምክንያት ናት፤ እመለስበታለሁ።

ሕመሟ ባተን ከሚባሉት፣ በዘር ከሚተላለፉ የልጆች የአንጎል በሽታዎች አንዱ ነው፤ ሲኤልኤን2 ይባላል። የተበላሸውን ጂን ከእኔም ከእናቷም ወርሳለች። እኛን ምንም አላመመንም፤ ተሸካሚ መሆናችንን ያወቅነው በእሷ ነው። ቲፒፒ1 የሚባለው ኢንዛይም ስለጎደላት የአንጎሏ ሴሎች ቆሻሻቸውን ማስወገድ አቅቷቸው ቀስ በቀስ ይሞታሉ።

ንግግሯ ሲዘገይ “ትደርስበታለች” አልን። ሦስት ዓመት ከመንፈቅ ሲሆናት ጣላት። የሚጥል በሽታ ነው ተባለ፣ ኪኒን ታዘዘ። ኪኒኑ ሲቀየር፣ መጠኑ ሲጨመር ስምንት ወር ሄደ። ስትሮጥ የነበረች ልጅ ግድግዳ ይዛ መሄድ ጀመረች። በመጨረሻ ኢንዛይሙን የለካው ምርመራ የፈለገው ጥቂት ጠብታ ደም ነበር። ይሄ እስካሁን ያንገበግበኛል።

ወደ መድኃኒቱ ልምጣ። የጎደለውን ኢንዛይም ይተካል። በደም ሥር ቢሰጥ አንጎል ውስጥ አይገባም። ስለዚህ በቀዶ ሕክምና ከራስ ቆዳዋ ሥር ትንሽ ማጠራቀሚያ ተቀበረላት፤ ቀጭን ቱቦው አንጎል ውስጥ ካለው ፈሳሽ ይደርሳል። በአንድ ጊዜ 300 ሚሊግራም ትወስዳለች፤ ፈሳሹ 10 ሚሊሊትር፣ ሁለት የሻይ ማንኪያ ቢሆን ነው። ፓምፑ ግን በሰዓት 2.5 ሚሊሊትር ብቻ ይገፋል። በመጨረሻ ቱቦውን የሚያጥበው ፈሳሽ ሲጨመርበት አራት ሰዓት ተኩል ይሞላል። ከዚያ በፊት የአለርጂ መከላከያ ትወስዳለች። ነርሷ ማጠራቀሚያውን በመርፌ ስትወጋ እኔ ትንፋሼን እይዛለሁ፤ ኢንፌክሽን ከገባ የሚገባው አንጎል ውስጥ ነዋ! እሷስ? አብዛኛውን ጊዜ ተኝታ ነው የሚያልቀው። ማታ ትኩሳት የያዛት ጊዜ አለ፤ ሌሊቱን ቴርሞሜትር ይዘን አደርን።

ውጤቱስ? ስትጀምር ሰባት ቃል ቀርቷት ነበር። ዛሬ አምስት አላት። የሄደው አልተመለሰም፤ እንደሚመለስ ቃል የገባልንም የለም። እጄን ይዛ ግን ከአልጋዋ እስከ በሩ ትሄዳለች። ስድስት ዓመት ተኩል ሆኗታል። ሕክምና ካላገኙት ብዙዎቹ በዚህ ዕድሜ መሄድ አቁመዋል። ለእኔ አራቱ ኮከብ እሱ ነው።

መድኃኒቱ እ.ኤ.አ. በ2017 ሲፈቀድ አሜሪካ ውስጥ ዕድሜያቸው ሦስት ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ልጆች ነበር። በ2024 ከዚያ በታች ላሉትም ተፈቀደ። ሳይጥላቸው በፊት የሚጀምሩ ሕፃናት አሉ ማለት ነው። ደስ ይለኛል፤ ትንሽም እቀናለሁ።

ዓይኗን በተመለከተ፣ ሕመሙ ሬቲናዋን፣ ማለትም ከዓይኗ ኋላ ያለውን ብርሃን ተቀባይ ሽፋን፣ ይጎዳል፤ አንጎል ውስጥ የሚገባው ኢንዛይም ግን እሱን አያድንም። እይታዋ እየደከመ ነው። ድሮ ከሩቅ አይታኝ ትስቅ ነበር። አሁን በሩ ላይ ቆሜ ጉሮሮዬን እጠርጋለሁ፤ ያኔ ዞር ትልና “አባ” ትላለች። ከአምስቱ ቃላት አንዱ ነው።